አስራ አራት ምስክር ያለው ሰው

ሴትዮዋን ያገኘናት ሐሙስ ጠዋት፣ ቢሮዋ ወለል ላይ ነው። አጠገቧ የብረት ፋይል ቁምሳጥን ቆሟል፤ ጠርዙ ላይ ደም አለ። ጠረጴዛዋ ላይ የቀዘቀዘ ሻይ፣ የተከፈተ አጀንዳ፣ ደግሞ በላስቲክ የታሰሩ ትንንሽ ሰማያዊ ወረቀቶች ተቀምጠዋል፤ መቶ ሁለት መቶ ይሆናሉ። አንዱን መዘዝኩት። «ለጣሪያ ሠሪው፦ የጎረቤቴ ጣሪያ ያፈሳል፤ ስሜን ጠርተህ ደውልላት» ይላል። ሌላውን መዘዝኩት። «ለጥርስ ሐኪሙ፦ አማቼ መንጋጋውን ይዞ ሲያቃስት ነው ያደረው፤ እሷ ልካኝ ነው በለው።»

«ምን ጉድ ነው ይሄ ደግሞ?» አልኩ።

«የማህበራቸው ነው» አለች ሬሳውን ያየችው የታችኛው ፎቅ የጽህፈት መሣሪያ ነጋዴ። ከበሩ አልፋ አልገባችም። «ሥራ የሚጠቋቆሙበት ማህበር አላቸው። እሷ የኢንሹራንስ ወኪል ነበረች፤ ለማህበሩ ደግሞ ጸሐፊ። ሐሙስ ሐሙስ በማለዳ ይሰበሰባሉ። ሞቼ እንኳ አልቀርም ትል ነበር፣ ውይ በሞትኩት!»

«ምን ሰማሽ?»

«ሱቄን ስከፍት፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከላይ ድው አለ። ዕቃ የምታንቀሳቅስ መስሎኝ ዝም አልኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ወጣት ደረጃውን በሦስት በሦስት እየዘለለ ወርዶ በረረ። ፊቱ አመድ ሆኗል። ያኔ ነው ወጥቼ ያየኋት።»

«ሌላ ሰውስ?»

«በፊት ለፊቱ በር ማንም አልወጣም። የጀርባው ደረጃ ግን ወደ መኪና ማቆሚያው ያወጣል፤ ከእኔ ሱቅ አይታይም።»

አጀንዳውን አየሁት። የዕለቱ ገጽ ላይ በጥሩ እጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ሰፍሯል። «ለአንድ ሩብ ጉዳይ፦ ኤሌክትሪሺያን፤ ስለ ወንበሩ።»

ሃያ ሁለት ዓመት በምርመራ ሥራ ኖሬያለሁ። ያን ጠዋት ይሄ መዝገብ እስከ ማታ ይዘጋል ብዬ ፎክሬ ነበር፤ አፌን በቆረጠው!

እርግጥ አጀማመሩ ያስፎክራል። ወጣቱ ሲሮጥ የሥራ ቦርሳውን ደረጃው ላይ ጥሎታል። ውስጡ ፒንሳ፣ መፍቻ፣ የጥቅል ሽቦ፣ ከነስልክ ቁጥሩ ደግሞ «የኤሌክትሪክ ሥራ» የሚል ካርድ። ከምሳ በፊት ከእናቱ ቤት ይዤው መጣሁ። ማህበሩ ውስጥ ለመግባት ሁለት ጊዜ አመልክቶ፣ የኤሌክትሪክ ወንበር ተይዟል ተብሎ ሁለቴም ተመልሷል። ባለፈው ወር ደግሞ ጸሐፊዋ ቢሮ ድረስ ሄዶ፣ «እሱ ሰውዬ ካልሞተ እኔ ወንበር የለኝም ማለት ነው?» ብሎ ጮኋል። ጩኸቱ ታች የጽህፈት መሣሪያ ሱቁ ድረስ ተሰምቷል።

«ጋሼ፣ ሙታ ነው ያገኘኋት» አለኝ። እጁን ጭኖቹ መሃል ቀብሮ ይወዛወዛል። «በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ አደረግኩት። አየኋትና ሮጥኩ። አበቃ።»

«ለምን ለፖሊስ አልደወልክም?»

«ፈራኋ!»

«ስንት ሰዓት ነበር የቀጠረችህ?»

«አንድ ሰዓት ተኩል። ስብሰባው ከተጀመረ በኋላ በእንግድነት ይዤህ እገባለሁ፣ ዛሬ ቦታ ሊከፈት ይችላል አለችኝ።»

«አጀንዳዋ ላይ ለአንድ ሩብ ጉዳይ ነው የሚለው።»

አፉን ከፍቶ አየኝ። «አንድ ሰዓት ተኩል ነው ያለችኝ፣ እናቴ ትሙት!»

እናቱ አልሞቱም፤ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ስወጣ ተነሱና እጅጌዬን ያዙ። «ልጄ፣ ስማኝ። ይሄ ልጅ በረሮ ሲያይ ወንበር ላይ የሚወጣ ልጅ ነው። እሱ አይደለም።» ሁሉም እናት እንዲህ ይላል። በማግስቱም ስመጣ እዚያው ናቸው፤ በሦስተኛውም ቀን። ፍርድ ቤቱ ሰባት ቀን ሰጥቶኛል። በሚቀጥለው ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ መዝገቡ ዐቃቤ ሕግ እጅ ከገባ ያ ልጅ በሰው መግደል ተከሶ ወህኒ ይወርዳል።

እኔን ያልተዋጠልኝ ያቺ አርባ አምስት ደቂቃ ናት። ሰው ነፍስ አጥፍቶ ስለ ቀጠሮ ሰዓት ለምን ይዋሻል?

* * *

የማህበሩ ሰብሳቢ ጥርስ ሐኪም ነው። ያን ሰሞን ደግሞ የግራ መንጋጋዬ ሲያሰቃየኝ ነበር፤ ጉንጬን አየና ጥያቄዬን ሳልጨርስ ወንበሩ ላይ አጋደመኝ። ምርመራውን እኔ ላድርግ እሱ ያድርግ ግራ ገባኝ።

«አንድ ሙያ፣ አንድ ወንበር። ሕጋችን ይሄ ነው» አለ መስታወቱን አፌ ውስጥ ከትቶ። «አሥራ ስድስት ነን። አንድ ጥርስ ሐኪም፣ አንድ ጣሪያ ሠሪ፣ አንዲት አበባ ሻጭ፣ አንድ አታሚ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ሁለተኛ ጥርስ ሐኪም ቢመጣ ከበር እንመልሰዋለን። እያንዳንዳችን ተነስተን አንድ ደቂቃ ስለ ሥራችን እንናገራለን። ከዚያ ለጓደኛችን ያገኘንለትን ደንበኛ በሰማያዊ ወረቀት ጽፈን እንሰጠዋለን። ይሄ ጥቆማ ይባላል።»

«እኛም ቤት ጥቆማ አለ» ለማለት ሞከርኩ፤ የወጣው «አኛ ቤ» ነው።

«ጥቆማ ቀልድ እንዳይመስልህ። ደንበኛውን ስትልክ ስምህን አብረህ እየላክህ ነው። ሥራው ከተበላሸ የተበላሸው ያንተ ስም ነው።»

መስታወቱን ሲያወጣልኝ ቶሎ ብዬ ጠየቅኩ። «ሐሙስ ማን ቀረ?»

«ከጸሐፊዋ በቀር አንድም ባዶ ወንበር አልነበረም። እኛ ዘንድ ወንበር ባዶ አይሆንም፤ በስድስት ወር ሦስቴ ባዶ ከሆነ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።» ከመሳቢያው የስም መቆጣጠሪያ አወጣ። በሙያ በሙያ ተዘርዝሯል፤ ከ«ኢንሹራንስ» በቀር አጠገቡ ምልክት የሌለው የለም። «በአንድ ሰዓት ከአሥር እኔው ዘንድ ደውላ ነበር። ‹ጀምሩ፣ ሰው ይዞኛል፣ ስመጣ እነግርሃለሁ› አለች። ድምጿ ደስ አላለኝም፤ ግን ጀመርን። ምናለ ሮጬ ብሄድ ኖሮ!»

«ኤሌክትሪሺያኑስ? የእናንተው?»

«ኤሌክትሪክ? አለ እንጂ! አራተኛው ተናጋሪ ነበር። ስብሰባ ላይ በስም አንጠራራም፤ በሙያ ነው።» ይሄን ብሎ መርፌውን አነሳ። «አሁን ትንሽ ትቆነጥጥሃለች።»

ጥርሴን ተነቅዬ ወጣሁ። ኪሴ ውስጥ አንድ ሰማያዊ ወረቀት አለ፤ ወደ አበባ ሻጯ የላከኝ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ምርመራ ሳይሆን ቅብብሎሽ ነው። አበባ ሻጯ ወደ ጣሪያ ሠሪው ጠቆመችኝ፣ ጣሪያ ሠሪው ወደ አታሚው፣ አታሚው ወደ ፎቶ አንሺው። እያንዳንዱ ስለ ሌላው ማር ነው የሚያወራው። ማን ከማን ተጣላ ብል፣ ማንም። ማን ይጠረጠራል ብል፣ ኧረ በስመአብ! ሰው ተገድሎ ምስክሮቹ ሁሉ እየተሸላለሙ አበዱብኝ።

«ኤሌክትሪሺያኑ ሐሙስ ጠዋት ነበር?» እላለሁ።

«ነበረ» ይላሉ። አበባ ሻጯማ፣ «የዚያን ቀን የኤሌክትሪክ ንግግር አንጀት ይበላ ነበር፤ ቤቱ በሙሉ ነው ያጨበጨበው» አለችኝ። ሰኞ ያገኘሁት መላጣው አታሚ ደግሞ የኤሌክትሪክ ወንበር ከእሱ ቀጥሎ መሆኑንና ባዶ እንዳልነበረ በመሐላ ነገረኝ። ጸሐፊዋም ኤሌክትሪሺያኑም ሲወጡ አሥራ አራት ይቀራሉ፤ አሥራ አራቱንም ጠየቅኩ፣ አሥራ አራቱም ነበረ አሉ። ዓይናቸውን አይቻለሁ፤ የሚዋሽ ሰው ዓይን አልነበረም።

ይሄ ሳያንስ ነገሩን ያወሳሰበችብኝ የሟች እህት ነች። ማክሰኞ ቤቷ ስሄድ የወጥ ቤቱ ግድግዳ ከሶኬቱ እስከ ጣሪያው ጠቁሯል። ትንሿ ልጇ ክንዷ በፋሻ ተጠቅልሎ ሥዕል ትቀባለች።

«ከሦስት ሳምንት በፊት ነው የተቃጠለው» አለች እህትየው። «ሽቦውን የዘረጋልኝ እሷ የላከችልኝ ኤሌክትሪሺያን ነው፣ የማህበራቸው። ቀጭን ሽቦ ነበር የቀበረልኝ። ልጄ ላይ ሲደርስ እህቴ እዚህ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ‹ስሜን ሰጥቼው ነው የላክሁት፤ ስሜን እመልሳለሁ፣ በሁሉም ፊት› አለች።»

«ስሜን እመልሳለሁ ማለት ምን ማለት ነው?»

«እኔ እንጃ። የእነሱ ነገር ነው» አለች፣ ከዚያ እሷም አለቀሰች።

ጭንቅላቴ ዞረ። ሰበብ ያለው ኤሌክትሪሺያን አሥራ አራት ምስክር አለው። ምስክር የሌለው ኤሌክትሪሺያን ደግሞ ሰበቡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ወንበር ልትሰጠው የጠራችውን ሴት ለምን ይገድላል?

ባለ ምስክሩን አንድ ሱቅ ውስጥ መሰላል ላይ ሆኖ መብራት ሲቀይር አገኘሁት። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ወርዶ እጁን ጠረገና ለእኔ ወንበር ጎተተልኝ። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል፤ ሐዘን ነው ብዬ አለፍኩት።

«ለሁላችንም እናት ነበረች» አለ። «የእህቷ ቤት ነገር ያሳዝናል። ቤቱ አሮጌ ነው፤ ነግሬያት ነበር።»

«ሐሙስ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ወንበሬ ባዶ አልነበረም። ጠይቃቸው።»

«ጠይቄያለሁ። የታሰረውን ልጅ ታውቀዋለህ?»

የተቃጠለውን አምፖል በእጁ አገላበጠ። «እጁ ጥሩ ነው» አለ። «ከእኔም ይሻላል።»

ይሄም ግራ አጋባኝ። ተፎካካሪውን የሚያሞግስ ሰው በዕድሜዬ አላጋጠመኝም።

ረቡዕ አዛዡ ጠሩኝ። «አንተ ሰው፣ ምን ነካህ? አንዱ ምስክር የለውም፣ ሌላው አሥራ አራት አለው። የቱ ነው የከበደህ?»

«ሰዓቱ፣ ጌታዬ። ለአንድ ሩብ ጉዳይ የቀጠረችው ሌላ ሰው ቢሆንስ?»

«ነገ ስምንት ሰዓት መዝገቡ ይሄዳል። ጨርሰናል።»

ስወጣ እናትየው አግዳሚው ላይ ናቸው። የዚያን ቀን እጅጌዬን አልያዙም፤ ከተቀመጡበት ቀና ብለው ያዩኛል እንጂ። ያሰርኩት እኔ ነኝ።

* * *

ሐሙስ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ስብሰባቸው ላይ ተገኘሁ። ምን ልፈልግ እንደሄድኩ ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ ጨንቆኝ ነው። ከአንድ ሆቴል ጀርባ ያለች ክፍል ነች፤ ጠረጴዛው በፈረስ ጫማ ቅርጽ ተደርድሮ፣ በየወንበሩ ፊት ሙያ የተጻፈበት ካርድ ቆሟል። የጸሐፊዋ ቦታ ላይ አበባ አስቀምጠዋል። የኤሌክትሪሺያኑ ወንበር ባዶ ነው።

ጥርስ ሐኪሙ ቀጭን ደወል መታና አንድ በአንድ መነሳት ጀመሩ። ጣሪያ ሠሪው ተናገረ። አበባ ሻጯ ተናገረች። ከዚያ ቀይ ሹራብ የለበሰች ሴት ተነስታ፣ «እኔ ማተሚያ ነኝ» አለች። «የሠርግ ጥሪ፣ ደረሰኝ፣ ካላንደር አትማለሁ። ዛሬ የምፈልገው ጥቆማ አዲስ የሚከፈት ምግብ ቤት ነው።» ተጨበጨበ። ጥርስ ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ «ማተሚያ» ከሚለው አጠገብ ምልክት አደረገ።

እኔ ሰኞ ያነጋገርኩት አታሚ መላጣ ወንድ ነው። የማብድ መሰለኝ።

«ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ» ብዬ ተነሳሁ። «እመቤት፣ እርስዎ ማን ነዎት?»

«ማተሚያ» አለች ደንግጣ።

«ማተሚያውን አውቀዋለሁ! መላጣ ነው!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። «ባሏ ነው» አለ ጥርስ ሐኪሙ። «ጉንፋን ይዞታል። ተተኪ ናት።»

«ታዲያ ለእሱ ምን ብለህ ነው ምልክት ያደረግክለት?»

«ወንበሩ ላይ ሰው አለ እኮ። ተተኪ የላከ አልቀረም፤ የሚናገረውም በባለ ወንበሩ ፈንታ ነው። የመጀመሪያው ሕጋችን ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ኢንስፔክተር፣ እኛ ይሄን ስንሠራ ስምንት ዓመታችን ነው። አንተ ማን ቀረ አልከኝ፤ ማንም አልቀረም አልኩህ።»

እውነቱን ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «እሱ እንኳ አልነበረም፣ ሰው ልኮ ነው» ይል ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን ወንበሩ ከሞላ ሰውየው መጥቷል፤ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲያስቡ ኖረው ሌላ ማሰብ ረስተዋል። እኔም ጅሉ አሥራ አራት ጊዜ ያንኑ ጥያቄ ጠይቄ አሥራ አራት ጊዜ ያንኑ መልስ ይዤ ተመለስኩ።

«ባለፈው ሐሙስ የኤሌክትሪሺያኑ ወንበር ላይ ማን ነበር የተቀመጠው?»

«አባቱ» አለች አበባ ሻጯ ወዲያው። «እንዴት ያሉ ደስ የሚሉ ሽማግሌ መሰሉህ!»

ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

* * *

ሽማግሌው ራሳቸው በር ከፈቱልኝ። ሁለት ክፍል ቤት ነች፤ ግድግዳው ላይ መፍቻዎችና ፒንሳዎች በመጠናቸው ተሰቅለዋል። ሠላሳ አምስት ዓመት ኤሌክትሪሺያን ነበሩ፤ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ለልጃቸው ለቀቁ። የማህበሩን ስም ስጠራ ፊታቸው በራ።

«ስለ እኔ ነግረውህ ነው የመጣኸው? ግባ፣ ልጄ፣ ግባ!» አሉ። «ባለፈው ሐሙስ ልጄ አስቸኳይ ሥራ አለኝ፣ አባዬ ዛሬ አንተ ቁጭ በልልኝ አለኝ። እኔ ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። ሌሊቱን ሙሉ ስለማመድ አደርኩ። አንድ ደቂቃ ነው የሚሰጡህ። ስለ ሥራው ልናገር ብዬ ተነስቼ ስለ ልጄ ተናገርኩ። ለደንበኛ የማይታየውን ሽቦ ነው አሳምሮ መሥራት የሚገባው ብዬ ነው ያሳደግኩት፣ አልኩ። ቤቱ በሙሉ አጨበጨበልኝ! የማላውቃቸው ሰዎች እጄን ጨበጡኝ።»

ሽማግሌው እየሳቁ አዩኝ፤ ሳቁ ቀስ እያለ ከፊታቸው ጠፋ።

«ምን አጠፋሁ?» አሉ።

ነገርኳቸው። ሴትዮዋን፣ ሰዓቱን፣ የታሰረውን ልጅ። የእህትየዋን ግድግዳና የትንሿን ልጅ ክንድ ስነግራቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ቀጭን ሽቦ ነው አልክ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለውም» አሉ ቀስ ብለው። «ዛሬም እኔ ልሂድልህ ብለው አይሆንም አለኝ። ያ የታሰረው ልጅ አባት አለው?»

«እናት አለችው። ሰባት ቀን አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች።»

«አምጣው፣ ምን ላይ ነው የምፈርመው?»

«ግዴለም፣ አባባ። አሥራ አራት ሰው አይቶዎታል። የእርስዎ ቃል ባይኖርም...»

«አምጣው አልኩህ!»

የተናገሩትን ጻፍኩላቸው። ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ደግፈው ፈረሙ። እሳቸው እየፈረሙ በሩ ተከፈተና ልጃቸው ዳቦ በላስቲክ ይዞ ገባ። እኔን አየኝ፣ ወረቀቱን አየ፣ አባቱን አየ።

«ሁሉንም ነግሬዋለሁ» አሉት ሽማግሌው። «ሳላውቅ ነው የነገርኩት። አውቄም ቢሆን እነግረው ነበር።»

ልጁ አልሮጠም። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እዚያው ቆመ።

«አባዬ፣ ወንበሬን አትውሰጂብኝ አላልኳትም» አለ። ለእኔ አይደለም የሚያወራው። «ትውሰደው! በሁሉም ፊት የምትናገሪውን ሌላ ቀን አድርጊው ነው ያልኳት፤ ዛሬ አባቴ እዚያ ተቀምጧል፣ ሳምንት ጥፋቴን እኔው ተነስቼ እናገራለሁ ብዬ እግሯ ላይ ወደቅኩ። ‹የእህቴ ልጅ ተቃጥላ አንድ ቀን አላሳድርም› አለች። ቦርሳዋን አንስታ ልትወጣ ስትል ክንዷን ያዝኩ፤ ስትመነጭቀኝ ገፈተርኳት። አንተ ፊት እንዳትናገር ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ተነስተው የልጃቸውን ትከሻ ያዙ። «ያ ልጅ ታስሮ እያለ እንዴት ዝም አልክ?» አሉ።

እጆቹን ራሱ ዘረጋልኝና ካቴናውን አስገባሁለት። አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ስልኬን አውጥቼ ጣቢያ ደወልኩ። «ልጁን አውጡት። እናቱንም ስልኩ ላይ አቅርቡልኝ» አልኩ፤ ይሄን ከእኔ አፍ ይስሙ ብዬ ነው። ወደ ደጅ ወጥቼ መናገር ነበረብኝ። ጭንቅላቴ የት እንደነበረ እንጃ፣ አልወጣሁም።

«እናቴ፣ ልጅዎ አይደለም። ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

እሪታቸው ከስልኩ ወጥቶ ያችን ጠባብ ክፍል ሞላት። ተመስገን ይላሉ፣ የልጃቸውን ስም ይጠራሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ። ድምፁን ላፍን ብዬ ስልኩን ደረቴ ላይ ለጠፍኩት።

ሽማግሌው የልጃቸውን ትከሻ እንደያዙ ቀና አሉ። «እናቱ ናት?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

«እንኳን ደስ ያላት በልልኝ» አሉ።